ኤዲተሩ ራሱ ይናገር ወይስ ለስክሪን ሪደሩ ይንገር?

ጥያቄ፦ «ለፕሮግራመሮች የሚሆን የጽሑፍ ኤዲተር ሠርቻለሁ። ፊደላቱንም ሆነ ጠቋሚውን መስኮቱ ላይ የምስለው ራሴ ነኝ፤ ከስርዓተ ክወናው ጋር የሚመጣውን የጽሑፍ ሳጥን አልተጠቀምኩም። ማየት የተሳናቸው ሰዎችም እንዲጠቀሙበት ስለምፈልግ ንግግር አመንጪ ላይብረሪ አስገብቼ፣ ቁልፍ በተነካ ቁጥር ፊደሉን፣ ጠቋሚው በተንቀሳቀሰ ቁጥር መስመሩን እንዲያነብ ላደርገው አስቤአለሁ። ፋይሉን ሙሉ በሙሉ የሚያነብ አንድ ቁልፍም እጨምራለሁ። ይህ በቂ ነው? ድምፁ የሰው ድምፅ እንዲመስልስ የትኛውን ንግግር አመንጪ ልምረጥ?»

ድምፅ መምረጥ የእርስዎ ሥራ አይደለም። ኮምፒውተር የሚጠቀም ዓይነ ስውር ሰው የእርስዎን ኤዲተር ከመክፈቱ ቀድሞ ኮምፒውተሩ ሲያናግረው ቆይቷል፤ ኤዲተሩን ፈልጎ ያገኘውም፣ የጫነውም፣ የከፈተውም በስክሪኑ ላይ ያለውን በሚያነብለት ሶፍትዌር፣ በስክሪን ሪደር፣ እየታገዘ ነው። ስክሪን ሪደሩ በዊንዶውስ ላይ ኤንቪዲኤ፣ ጆስ ወይም ናሬተር፣ በማክ ላይ ቮይስኦቨር፣ በሊኑክስ ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኦርካ ነው። ኤዲተርዎ በራሱ ድምፅ መናገር ሲጀምር ይህ ሶፍትዌር ዝም አይልም፤ ሁለት ድምፆች እየተደራረቡ አንዱም አይሰማም። ተጠቃሚው ስክሪን ሪደሩን አጥፍቶ በእርስዎ ድምፅ ብቻ ልሥራ ቢል ደግሞ ወደ ሌላ መስኮት በተሻገረ ቅጽበት ዝም ያለ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። ስለዚህ ያሰቡት መንገድ ትንሽ ሥራ የቀረው መፍትሔ ሳይሆን በተሳሳተ ቦታ የተተከለ መፍትሔ ነው።

ድምፁን የሰው ድምፅ የማስመሰሉ ሐሳብም ብዙ ዐይናማ ፕሮግራመሮች የሚስቱበት ጉዳይ ነው። ቀኑን ሙሉ በጆሮው የሚያነብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ቁልፍ እንደተነካ ድምፁ ሳይዘገይ እንዲጀምርና ፍጥነቱ ሲጨመር ቃላቱ እንዳይዋዋጡ ነው። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ ለአዲስ ጆሮ ሻካራ የማሽን ድምፅ ነው፤ ብዙ ልምድ ያላቸው ተጠቃሚዎች ግን እነዚህን ሁለት ነገሮች ስለሚያሟላላቸው ከለስላሳዎቹ ድምፆች ይልቅ እርሱን ይመርጣሉ። የኢስፒክ መነሻ ፍጥነት በደቂቃ ወደ 175 ቃል ገደማ ነው፤ የለመደ ሰው ከዚህ እጅግ አስበልጦ ሲያስኬደው አጠገቡ የቆመ ዐይናማ አንዲት ቃል እንኳ ላይለይ ይችላል። ይህ ሰው ፍጥነቱን፣ የድምፁን ቅጥነት፣ ሥርዓተ ነጥብ ምን ያህል ይነበብልኝ የሚለውን ሁሉ ስክሪን ሪደሩ ውስጥ ለዓመታት አስተካክሎታል። ኤዲተርዎ ይህን ሁሉ ጥሎ በራሱ ድምፅና በራሱ ፍጥነት ሲመጣበት ሰውየውን ወደ ጀማሪነት ይመልሰዋል። በዚያ ላይ ስክሪን ሪደሩ ንግግር ብቻ አይደለም፤ ያንኑ ጽሑፍ በጣት በሚዳሰስ የብሬል ማሳያ ላይ ነጥብ በነጥብ ያወጣል። ማየትም መስማትም ለተሳነው ሰው ይህ ብቸኛው መንገድ ሲሆን፣ ኤዲተር ውስጥ የተቀበረ ድምፅ ለብሬል ማሳያው አንዲት ነጥብ አያቀብለውም።

ታዲያ ስክሪን ሪደሩ ዛሬ የእርስዎን ኤዲተር ለምን አያነበውም? በዶስ ዘመን ቢሆን ያነበው ነበር። ስክሪኑ በአብዛኛው 80 ዓምድና 25 መስመር ያለው የፊደላት ሰንጠረዥ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1989 እንደ ወጣው የመጀመሪያው ጆስ ያሉ ስክሪን ሪደሮች የስክሪኑን ማህደረ ትውስታ ቀጥታ እያነበቡ ይናገሩ ነበር። ስክሪኑ ወደ ሥዕል ሲቀየር ፕሮግራሞች የሚልኩትን የመሳል ትእዛዝ እየጠለፉ በስክሪኑ ላይ ምን እንዳለ መገመት ጀመሩ፤ ይህ መንገድ ግን ደካማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ማይክሮሶፍት፣ ፕሮግራሞች ለስክሪን ሪደር ጥያቄ መልስ የሚሰጡበትን አክቲቭ አክሰሲቢሊቲን አወጣ፤ ስለ ጽሑፍ ይዘት የሚናገረው ትንሽ ስለነበር በኋላ ዩአይ ኦቶሜሽንና አይአክሰሲብል2 ተከተሉት። በማክ ላይ ኤንኤስ አክሰሲቢሊቲ፣ በሊኑክስ ላይ ኤቲ-ኤስፒአይ ተመሳሳዩን ሥራ ይሠራሉ። ሐሳቡ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ስክሪን ሪደሩ ሥዕሉን አያይም፣ ፕሮግራሙን ይጠይቃል። የእርስዎ ኤዲተር ደግሞ ሲጠየቅ የሚመልሰው «እኔ መስኮት ነኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ፊደላቱን ራስዎ ስለሳሏቸው ለዐይን ጽሑፍ፣ ለስክሪን ሪደሩ ግን ባዶ ሸራ ናቸው።

ስለዚህ የሚቀርዎት ሥራ ኤዲተሩን መልስ እንዲሰጥ ማስተማር ነው። ስክሪን ሪደሩ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፦ ይህ ብዙ መስመር ያለው፣ የሚጻፍበት የጽሑፍ ቦታ ነው ወይ፣ ጽሑፉ ምንድን ነው፣ ጠቋሚው የት ቆሟል፣ የተመረጠው ከየት እስከ የት ነው፣ በዚህ ቦታ ላይ ያለው ፊደል፣ ቃልና መስመር የት ጀምሮ የት ያበቃል ይላል። በተጨማሪም ሳይጠየቅ እንዲነገረው የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ጠቋሚው ሲንቀሳቀስና ጽሑፉ ሲለወጥ። እነዚህ ጥያቄዎች በትክክልና በጊዜው ከተመለሱ ቁልፍ ሲነካ ፊደል ማንበቡ፣ ሲሰርዝ የተሰረዘውን መናገሩ፣ በቃል በቃል መሄዱ፣ ሙሉ ፋይል ማንበቡ ሁሉ ያለ እርስዎ አንድ መስመር ኮድ ይመጣል፤ በስክሪን ሪደሩ ውስጥ አሉና። ሙሉ ፋይሉን የሚያነብ ቁልፍ እጨምራለሁ ያሉትንም በዚሁ ምክንያት ይተዉት።

«በትክክልና በጊዜው» የምለው በከንቱ አይደለም። ማየት የተሳነው አንድ ባልደረባዬ ስሙን የማልጠራው ኤዲተር ሲሞክር አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። የታች ቀስትን ሲጫን ስክሪን ሪደሩ የሚያነብለት የደረሰበትን መስመር ሳይሆን ትቶት የሄደውን ነበር፤ ሁልጊዜ ደግሞ አይደለም፣ ከአምስት አንዴ ያህል። ሊሰርዘው የፈለገውን መስመር ሰማ፣ ሰረዘ፣ ቀጠለ። የተሰረዘው ግን ቀጥሎ ያለው መስመር ነበር። ስሕተቱን ያወቅነው ፕሮግራሙ አልሠራ ሲል ነው፤ እርሱም የመጀመሪያው ጥርጣሬው በገዛ ጆሮው ላይ ነበር። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቀስቷ ስትነካ ስክሪን ሪደሩ ቁልፉን ለኤዲተሩ ያሳልፍና ጠቋሚው መንቀሳቀሱን የሚያበስረው ማሳወቂያ እስኪደርሰው ለአጭር ጊዜ፣ በሚሊሰከንድ በሚቆጠር ጊዜ፣ ይጠብቃል። ያ ኤዲተር ጠቋሚውን ወዲያው ያንቀሳቅስና ማሳወቂያውን የሚልከው መስኮቱ እንደገና ከተሳለ በኋላ ነበር። ስክሪን ሪደሩ የመጠበቂያ ጊዜው ሲያልቅ በእጁ ያለውን አነበበ፤ በእጁ ያለው ደግሞ የቀድሞው መስመር ነው። መፍትሔው አንድ ነው፦ ጠቋሚው በማህደረ ትውስታ ውስጥ በተንቀሳቀሰበት በዚያው ቅጽበት ማሳወቂያው ይላክ፤ ሥዕሉ በኋላ ይድረስ።

ሌላው እጅግ የተለመደ ስሕተት የቦታ አቆጣጠር ነው፤ በላቲን ፊደል ብቻ ለሚሞክር ሰው ፈጽሞ አይገለጥም። ኤዲተርዎ ጽሑፉን የሚይዘው ፊደላትን ወደ ባይት በሚለውጠው በዩቲኤፍ-8 ከሆነ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «ሰላም» ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት ነው። ጠቋሚው ከ«ም» በፊት ሲቆም በፊደል ቆጠራ ቦታው 2፣ በባይት ቆጠራ 6 ነው። ኤዲተሩ 6 ብሎ ከመለሰ ስክሪን ሪደሩ ሰባተኛውን ፊደል ፈልጎ ሌላ ቃል ውስጥ ይገባል፣ ወይም ጽሑፉ አልቋል ብሎ «ባዶ» ይላል። ኤቲ-ኤስፒአይ የሚቆጥረው በዩኒኮድ ፊደል ነው፤ በዊንዶውስ ላይ አይአክሰሲብል2ን የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ደግሞ በዩቲኤፍ-16 አሃድ ይቆጥራሉ፣ በዚያ ላይ አንድ ኢሞጂ ሁለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስርዓት መለወጫ ያስፈልግዎታል፤ መለወጫውንም አማርኛ፣ ላቲንና ኢሞጂ በተቀላቀለበት መስመር ይፈትኑት። የቃል ወሰን የሚወስነው ኮድም ክፍት ቦታን ብቻ ሳይሆን «፡»፣ «፣» እና «።»ን ማወቅ አለበት፤ አለዚያ በቃል በቃል የሚሄድ ሰው አራት ነጥቡ ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ይሰማዋል።

ግዕዝን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። በድምፅ አጻጻፍ ኪቦርድ «ሰ»ን የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ «ስ» ይመጣለትና በሚቀጥለው ቁልፍ ወደ «ሰ» ይለወጣል። ኤዲተሩ ይህን እንደ ተራ ስረዛና ተራ ጽሑፍ ካሳወቀ ተጠቃሚው ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለትና ሦስት ድምፅ ይሰማል፤ መጻፍ ስቃይ ይሆናል። ገና በመቀናበር ላይ ያለውን ፊደል ስርዓተ ክወናው ባዘጋጀው የጽሑፍ ማስገቢያ መንገድ ያስተናግዱት እንጂ በራስዎ አይተኩት። ሞክሼ ፊደላት ደግሞ ሌላ ፈተና ናቸው። «ንጉሡ ሠ» እና «እሳቱ ሰ» በጆሮ አንድ ናቸው፤ በኮምፒውተሩ ዘንድ ግን አንዱ በዩኒኮድ 1220፣ ሌላው 1230 ነው። ተጠቃሚው መለየት ሲፈልግ የፊደሉን ቁጥር ከስክሪን ሪደሩ መጠየቅ ይችላል። ኤዲተሩ ግን ፊደሉን እንዳለ ያቅርብ፣ በፍለጋው ላይ ደግሞ ሞክሼዎችን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ምርጫ ይኑረው፤ የሰማውን ቃል ጽፎ «አልተገኘም» የሚባል ሰው የት እንደተሳሳተ በጆሮው ሊያውቅ አይችልምና።

ወደ አማራጮቹ ልመለስ። ቀላሉና አስተማማኙ መንገድ የራስዎን ሥዕል ትተው የተዘጋጀ የጽሑፍ መቆጣጠሪያ መጠቀም ነው። የዊንዶውስ ሪች ኤዲት፣ የማክ ኤንኤስ ቴክስትቪው፣ የኪዩቲ የጽሑፍ ሳጥኖች እነዚህን መልሶች አብረዋቸው ይዘው ይመጣሉ። ለኮድ የተዘጋጀውን የሲንቲላ መቆጣጠሪያ ከመረጡ ኤንቪዲኤ ለእርሱ የተለየ ድጋፍ በውስጡ ስላለው፣ በሲንቲላ በተሠራው ኖትፓድ++ ላይ ዓይነ ስውራን ፕሮግራመሮች ለዓመታት ሲሠሩ ኖረዋል። ሁለተኛው መንገድ ሥዕሉን አቆይቶ መልሶቹን ራስዎ መጻፍ ነው። ለሦስት ስርዓተ ክወና ሦስት ጊዜ መጻፍ ከባድ ስለሆነ በረስት ቋንቋ የተጻፈው አክሰስኪት የተባለ ላይብረሪ እንዲህ ያለውን ሸክም ለመቀነስ ተሠርቷል፤ የመስኮት መሥሪያው ላይብረሪ ጂቲኬም ከ4.14 ዕትሙ ጀምሮ ጽሑፍን ራሳቸው ለሚስሉ መቆጣጠሪያዎች መንገድ ከፍቷል። ይህ መንገድ ይቻላል፣ ግን የሳምንት መጨረሻ ሥራ አይደለም፤ ጊዜዎን በወራት ይቁጠሩት።

ሦስተኛው መንገድ በድር ላይ ለሚሠሩ ኤዲተሮች ነው፤ ጽሑፉ በካንቫስ፣ በድር ገጽ መሳያ ሰሌዳ፣ ላይ ይሳልና ከኋላው የተደበቀ የጽሑፍ ሳጥን ለስክሪን ሪደሩ ይቀመጣል። ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን በተደበቀው ሳጥን ውስጥ ጥቂት መስመር ብቻ ከያዙ ሙሉ ፋይል የሚያዳምጥ ሰው እዚያ ጥግ ላይ ሲደርስ ንባቡ ይቆማል፣ ፋይሉ ያለቀም ይመስለዋል። ኮድሚረር 6 የተባለው የድር ኤዲተር ይህን ትቶ አሳሹ ራሱ የሚያውቀውን፣ ሊጻፍበት የሚችል የገጽ ክፍል ተጠቅሟል፤ በድር ላይ ከባዶ የሚጀምር ሰው ከዚያ ቢነሣ እመክራለሁ። በረጅም ፋይል ላይ ግን እርሱም በስክሪኑ ዙሪያ ያለውን ክፍል ብቻ ስለሚያወጣ የንባቡን ቀጣይነት ፈትኖ ማየት ግድ ነው።

ራሱ የሚናገር ኤዲተር ፈጽሞ አይሠራም ማለቴ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ራሱም ዓይነ ስውር የሆነው ቲ. ቪ. ራማን እ.ኤ.አ. በ1995 ኢማክስ ለተባለው ኤዲተር ያወጣው ተናጋሪው ኢማክስፒክ እስከ ዛሬ የሚኖር ትልቅ ሥራ ነው። ኃይሉ ያለው በስክሪኑ ላይ ያለውን ሳይሆን የተሠራውን ነገር ትርጉም በመናገሩ ነው። በኢማክስ የቀን መቁጠሪያ ውስጥ ጠቋሚው ሲንቀሳቀስ ተራ ስክሪን ሪደር የቁጥሮች ረድፍ ያነባል፤ ኢማክስፒክ ግን ዕለቱን፣ ወሩንና ዓመቱን አሟልቶ ይናገራል። በኮድ ውስጥ ያለውን ማስታወሻ ከትእዛዙ በተለየ ድምፅ ያነበዋል፤ ዐይናማው በቀለም የሚለየውን ጆሮ በድምፅ ይለየዋል። ይህ የተቻለው ግን የኢማክስ ፈንክሽኖች እያንዳንዳቸው ከውጭ ሊታከልባቸው ስለሚችል፣ ተጠቃሚውም ደብዳቤውን ጭምር እዚያው እያነበበ ቀኑን ሙሉ በኢማክስ ውስጥ ስለሚውል ነው። የእርስዎ ኤዲተር ከሰውየው ቀን አንዱን ክፍል ብቻ ስለሚይዝ ከኢማክስፒክ መውሰድ ያለብዎት ድምፁን ሳይሆን «ትርጉሙን ንገር» የሚለውን ትምህርት ነው።

ያ ትምህርት የሚያስፈልግዎ ጽሑፉ በትክክል መነበብ ከጀመረ በኋላ ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው ከጽሑፉ ውጭ የሚያውቃቸው ነገሮች አሉ። የተጀመረን ቃል የሚጨርሱ አማራጮችን የሚያሳየው የማሟያ ዝርዝር ሲከፈት ጠቋሚው ጽሑፉ ውስጥ እንደቆየ የተመረጠው ቃል ብቻ መነገር አለበት፤ ስለ ቃሉ የተጻፈው ረጅም ማብራሪያ ግን ሲጠየቅ ብቻ ይምጣ። በቀይ የተሰመረበት ስሕተት በጽሑፉ ባሕርይ ላይ «ስሕተት» ተብሎ ይመዝገብ፣ ወደ ቀጣዩ ስሕተት የሚያዘልል ቁልፍም ይኑር። የመጨረሻውን ለውጥ የሚሽረው «መልስ» የሚለው ትእዛዝ ሲሠራ ምን እንደተመለሰ በአጭሩ ይነገር፤ በዝምታ የተለወጠ ጽሑፍ ለማያይ ሰው ያልተለወጠ ጽሑፍ ነው። በመስመር መጀመሪያ ያለውን ክፍት ቦታ ከሚያቀርቡት ጽሑፍ ውስጥ አይቁረጡ። በፓይተን ይህ ክፍት ቦታ የትእዛዙ አካል ነው፤ ኤንቪዲኤም መጠኑን በንግግር ወይም በቅጥነቱ በሚለያይ ድምፅ ያሳውቃል፣ ቦታው ከተላከለት። የመስመር ቁጥሮቹን ግን ከጽሑፉ ያውጡ፤ በእያንዳንዱ መስመር ፊት ቁጥር መስማት አድካሚ ነው።

እንዲህ ያሉ መልእክቶችን በራስዎ ድምፅ ሳይሆን ለስክሪን ሪደሩ በማሳወቂያ ይላኩ፤ በዊንዶውስ 10 የመጣው የዩአይ ኦቶሜሽን የማሳወቂያ ኢቨንት፣ በድር ላይም የኤሪያ ላይቭ ሪጅን ለዚህ ተሠርተዋል። እዚህ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህን መንገድ ያገኘ ፕሮግራመር ሁሉንም ነገር መናገር ይጀምራል፤ ፋይሉ በራሱ ሲቀመጥ፣ ማሟያው ሲዘጋ፣ ቀለሙ ሲለወጥ። እያንዳንዱ መልእክት ተጠቃሚው የሚሰማውን ኮድ ያቋርጣል ወይም ከኋላው ይሰለፋል። ንባቡን የሚያቋርጠውን አጣዳፊ የማሳወቂያ ደረጃ ሥራ ሊያጠፋ ለሚችል ነገር ብቻ ያቆዩት፤ የቀረውን በአጭር የድምፅ ምልክት መተካት ከቻሉ ይተኩት፣ እርሱም የሚጠፋበት ቅንብር ይኑረው። ሌላው ጥንቃቄ «የዓይነ ስውራን ዕትም» ብለው ለብቻው የተቀነሰ ኤዲተር አለመሥራት ነው። በሁለት ዕትም ውስጥ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚቀረው ያኛው ነው።

ይህ ሁሉ ቢሟላም የማይፈታ ነገር አለ። ዐይናማ ሰው አንድ ገጽ ኮድ በአንድ እይታ ቅርጹን ይይዛል፤ ጆሮ ግን በተራ ነው የሚሰማው። ይህን የሚያቃልለው የፈንክሽኖችን ዝርዝር የሚያወጣ መስኮት፣ ከፈንክሽን ወደ ፈንክሽን መዝለያ፣ «አሁን የት ፈንክሽን ውስጥ ነኝ?» ለሚለው መልስ የሚሰጥ አጭር ቁልፍ ነው። ከኤዲተሩ በቀር ይህን የሚያውቅ የለምና ጊዜና ፍላጎት ከተረፈዎ እዚህ ያውሉት።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። ንግግር አመንጪውን ላይብረሪ ያውጡት። ኤዲተሩ ገና ወጣት ከሆነና የሥዕል ሥራው በአንድ ቦታ የተሰበሰበ ከሆነ በተዘጋጀ መቆጣጠሪያ ይተኩት፤ ያ የማይቻል ከሆነ ብቻ መልሶቹን በራስዎ ይጻፉ፣ ያውም ከጽሑፍ፣ ከጠቋሚና ከማሳወቂያ ጀምረው፣ እነዚህ ሳይጸኑ ማሟያም ሆነ የስሕተት ምልክት ሳይነኩ። ኤንቪዲኤ በነፃ ይገኛል፤ ዛሬ ጭነው የንግግር ማሳያ መስኮቱን ይክፈቱ፣ የሚናገረውን ሁሉ በጽሑፍ ያሳይዎታል። ከሳምንት ልምምድ በኋላ ሞኒተሩን ያጥፉና ሃያ መስመር ያለው ፕሮግራም ይጻፉ፣ አንድ ቅንፍ ሆን ብለው ያጉድሉ፣ ፈልገው ያስተካክሉ፣ ያስቀምጡ። እርስዎ ሲያቅትዎ ጥፋቱ የልምድ ማነስ ሊሆን ስለሚችል ከዚያ በኋላ ኮድ በመጻፍ ለሚተዳደር ዓይነ ስውር ፕሮግራመር የጊዜውን ዋጋ ከፍለው ያንኑ ሥራ እንዲሠራ ይጠይቁት። ሲሠራ አይርዱት፤ የቆመበትንና መልሶ ያዳመጠውን መስመር ሁሉ ይመዝግቡ፣ ያ ዝርዝር የቀጣዩ ወር ሥራዎ ነው።